ስለ ኬንያ ዳኞችና ስለ እኛ፦ ለኮምቦልቻው ወንድሜ ምላሽ

«የናይሮቢ ዳኛ እና የደሴ ዳኛ» የሚለው ጽሑፍህ እዚህ ደሴ ጠበቆችን አከራክሯል። ከችሎት ወጥተን ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ወሬያችን እሱ ሆኗል። አንዳንዱ «እውነቱን ነው» ይላል። ሌላው «ልጁ ቸኩሏል» ይላል። እኔ ከቸኩሏል ባዮቹ ወገን ነኝ። በዕድሜም በሙያም ስለምቀድምህ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ከንቀት አትቁጠረው።

ላላነበበው ሰው ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ ልንገር። ወንድሜ የእኛን የ1987 ሕገ መንግሥትና ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችውን ሕገ መንግሥት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከዚያ እንዲህ ይላል። የእኛ ዳኛ ሕገ መንግሥቱን መንካት አይችልም። የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለዜጋ ወስኖ አያውቅም። የኬንያ ዳኞች የደፈሩት ሕገ መንግሥታቸው በደንብ ስለተጻፈ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት ያዘዘው ይፈጸማል። ስለዚህ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እናቋቁምና እንገላገል።

በመጨረሻው ሐሳብ ብዙም አንጣላም። እዚያ የደረስክበት መንገድ ግን አላሳመነኝም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አንቀጽ 62 እና 83 የዳኛውን እጅ አስረውታል ትላለህ። እስኪ አንቀጽ 83ን እንደገና እየው። ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ሲነሳ ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ይላል። አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አይጋጭም የሚለው ጥያቄ ማለት ነው። ዳኛው ሕገ መንግሥቱን ገልጦ በያዘው መዝገብ ላይ እንዳይሠራበት የሚከለክል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። እንዲያውም አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚለው ሌላ ነው። በየትኛውም ደረጃ ያለ የዳኝነት አካል በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት። የፌዴራልም የክልልም። የወረዳ ፍርድ ቤትም ሳይቀር። መብቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ሳይወስን ሊያስከብረው የሚችል ዳኛ ደግሞ የለም።

ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ተማሪ ሳለህ ሳታነበው አትቀርም። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስት ለዓመታት አሳድጋለች። ኋላ አባት መጣና ሞግዚትነቱ የእኔ ነው አለ። የቤተሰብ ሕጉ ለብቻው ሲነበብ ወላጅ ይቀድማል። ሰበር ግን በ2000 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት መብት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አነሳ። ከሁሉም የሕፃኑ ደኅንነት ይቀድማል ብሎ ለአክስትየዋ ወሰነ። ዳኞቹ ሕገ መንግሥቱን አነበቡ፣ ፈረዱ፣ አለቀ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በመካከሉ አልገባም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ደግሞ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን በሙሉ ያስገድድ ነበር፤ ዛሬም ያስገድዳል። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም አለ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚባለውን ሲዘረዝር ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ውሳኔን አብሮ ቆጥሮታል። ሕገ መንግሥቱን መንካት የማይችል ዳኛ ይህን ስህተት እንዴት አድርጎ ሊያርም ነው?

አንተ ለማስረጃ የጠቀስከው የ1997ቱን የሰላማዊ ሰልፍ ክልከላ ነው። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የሚያስረዳው ግን የእኔን ነጥብ ይመስለኛል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በምርጫው ዕለት ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ አይደረግም አሉ። ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ማለትም ጥያቄዎችን አጣርቶ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሚያቀርበው አካል፣ ላከው። ጉባኤውም ሕገ መንግሥቱ አልተጣሰም ብሎ ዘጋው። አንተ እዚህ ላይ «አየህ፣ ዳኛው ሥልጣን የለውም» ትላለህ። እኔ ደግሞ ልጠይቅህ። አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2 ወደ ጉባኤው ይሂድ የሚለው የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ጥያቄ ሲነሳ ነው። በቴሌቪዥን የተነገረ ክልከላ አዋጅ ነው? ደንብ ነው? መመሪያ እንኳ ነው? የአስፈጻሚው አካል ትእዛዝ ነበር። ዳኛው የሰላማዊ ሰልፍ መብትን የሚሰጠውን አንቀጽ 30 ይዞ ራሱ ሊወስን ይችል ነበር የሚሉ የሕግ ምሁራን አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሥልጣኑ ነበረ። ጉዳዩን ወደ ላይ መላክ ግን ቀለለ።

እኛ ጠበቆችም ከዚህ አንወጣም። በአቤቱታዎቻችን ሕገ መንግሥቱ የሚጠራው ለጌጥ ነው። ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 37 መግቢያው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ክርክሩ ሁሉ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሆናል። ዳኛ ደግሞ ያልተከራከርንበትን ነገር አንስቶ እንዲያፈላስፍልን መጠበቅ አንችልም። ኬንያ ውስጥ አንቀጽ 22 ማንም ሰው ለሌላው ወይም ለሕዝብ ጥቅም ብሎ እንዲከስ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቷል። በዚህ እበልጣለሁ ቢሉ ያምርባቸዋል። የእኛም አንቀጽ 37 ግን ማኅበራትና የቡድን ተወካዮች አባሎቻቸውን ወክለው እንዲከሱ ይፈቅዳል። ስንቶቻችን ሞክረነዋል?

ሁለተኛው ነጥብህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለዜጋ ወስኖ አያውቅም የሚለው ነው። «አያውቅም» ከባድ ቃል ነው።

በ1996 የተወሰነውን የውርስ ጉዳይ ውሰድ። ክርክሩ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ቤት ላይ ነበር። አንደኛው ወገን ጉዳያችን በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልፈቀድንም ብለው ተቃወሙ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ተቃውሞውን አልፎ ፈረደ። ጉዳዩ በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ን ይዞ ያለ ተከራካሪዎች ፈቃድ የተሰጠ ፍርድ አይጸናም አለ። ይህ ለዜጋ ካልሆነ ለማን ነው?

በ2006 ደግሞ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት የመላኩ ፈንታ ጉዳይ አለ። ማዕረጋቸው ሚኒስትር ስለነበር በሕጉ መሠረት ክሳቸው በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት መታየት ነበረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ ከፈረደ ግን ይግባኝ የት ይባላል? አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ለተከሳሽ የይግባኝ መብት ይሰጣል። ጥያቄው ከፍርድ ቤት ተነሥቶ በአጣሪ ጉባኤው በኩል ወደ ላይ ወጣ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የሥልጣን ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ። ልብ በል፤ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ነው የወደቀው።

እዚህ ላይ ስለ ሸሪዓው ጉዳይ ትንሽ ልቆይ። ለእኛ ለወሎዎች ነገሩ ቤታችን ውስጥ ያለ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም ዘመድ አለ። አባት ሲሞት ወራሾቹ ሁሉ አንድ ሃይማኖት ላይሆኑ ይችላሉ። ኬንያም ይህ ጥያቄ አለባት። በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 170 የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አስቀምጣለች፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊም መሆናቸውንና ለቃዲው ዳኝነት ፈቃደኛ መሆናቸውን ትጠይቃለች። የዳኝነት ክልሉም ተለይቷል፤ የግል ሁኔታ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ ብቻ። የእኛ አንቀጽ 34 ደግሞ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ ይላል። ጽሑፎቹን አጠገብ ለአጠገብ ብታነብ በፈቃድ ጉዳይ እምብዛም አይራራቁም። አንተ ግን ሁለቱን አገሮች ስታነጻጽር ይህን ነጥብ ሳትነካ አለፍከው። ንጽጽሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነበር፤ በተለይ ከእኛ አካባቢ ለሚጽፍ ሰው።

ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ልመለስ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ መከራከሪያ ነበረህ፤ አልተጠቀምክበትም። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ፓርላማው አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ይተርጎሙልኝ አለ። በአጣሪ ጉባኤው ፊት ምሁራን ሲከራከሩ በቴሌቪዥን አይተናል። እንዲያ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ነበር፤ ደስ ይል ነበር። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምክር ቤቶቹን የሥራ ዘመን የሚያራዝመውን የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር። ነገሩን ጠጋ ብለህ ካየኸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሥራ ዘመንም አምስት ዓመት ነው፤ አንቀጽ 67። በራሳቸው ወንበር ጉዳይ ላይ ራሳቸው ዳኛ ሆኑ ማለት ነው። ከሥርዓታችን ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። «ለዜጋ ወስኖ አያውቅም» ከምትል «ክርክሩ የራሱ ሲሆን ማን ይዳኘዋል?» ብትል መልስ አይኖረኝም ነበር።

ሦስተኛው ነጥብህ ላይ ነው ዋናው ልዩነታችን። የኬንያ ዳኛ የደፈረው ሕገ መንግሥቱ ስለሚፈቅድለት ነው ትላለህ። የኬንያን ታሪክ ከ2010 ነው የጀመርከው (የኬንያውን ዓመትና ወር ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው)። ትንሽ ወደ ኋላ ብትሄድ ኖሮ!

የድሮው የኬንያ ሕገ መንግሥት ክፍል 84 ነበረው። መብቱ የተጣሰበት ሰው በቀጥታ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ያመልክት ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ ምን ይጻፋል? በፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሰዎች ይህን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ዋና ዳኛው የአቤቱታውን አቀራረብ የሚወስን የሥነ ሥርዓት ደንብ ስላላወጡ ክፍል 84 አይሠራም አለ። ሕገ መንግሥት የሰጠውን መብት ደንብ አልወጣም ተብሎ ቀበሩት። ሥልጣኑን ማንም አልነጠቃቸውም፤ ራሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። ውጤቱ በ2007ቱ ምርጫ ታየ። ተቃዋሚው ራይላ ኦዲንጋ ፍርድ ቤት ይሂዱ ሲባሉ አልሄድም አሉ፤ በዳኞቹ እምነት አልነበራቸውም። ሰው በየመንገዱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ወረቀት ብቻ አልነበረም። አንተ የዘለልከው ይህንን ነው። ኬንያውያን ነባሮቹን ዳኞች አንድ በአንድ የሚያጣራ ቦርድ አቋቋሙ። በ2012 የመጀመሪያው ውሳኔ ሲወጣ አራት የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኞች አትመጥኑም ተባሉ። ለዋና ዳኛነት የሚወዳደር ሰው በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየው ይጠየቃል። በ2011 የተሾሙት ዊሊ ሙቱንጋ በሞይ ዘመን ያለ ፍርድ ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። አንቀጽ 159 የዳኝነት ሥልጣን ከሕዝብ የመጣ ነው ስላለ ብቻ አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ተለወጠ፤ አቀማመጡም ተለወጠ። በ2017 ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የመሩት ችሎት የፕሬዚዳንት ምርጫን 4 ለ 2 የሰረዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አራተኛው፣ እዚያ የተፈረደው ይፈጸማል የሚለው፣ ሙሽራ ፎቶ ላይ እንደምታምረው ነው። ከዚያው ከ2017ቱ ምርጫ እንነሳ። ምርጫው ሲሰረዝ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዳኞቹን በአደባባይ ዘለፏቸው። ድጋሚ ምርጫው ጥቅምት 26 (በፈረንጆቹ) ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ይራዘም የሚል አቤቱታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ለምልዓተ ጉባኤ አምስት ዳኛ ያስፈልጋል። የተገኙት ዋና ዳኛው ማራጋና ሌላ አንድ ዳኛ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የምክትል ዋና ዳኛዋ ጠባቂ በጥይት ተመትቶ ነበር። ችሎቱ ሳይሰማ ቀረ፤ ምርጫውም ተካሄደ። ያው አንተ የምታደንቀው ሕገ መንግሥት፣ ያው ፍርድ ቤት፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ።

የሁለት ሦስተኛውን ድንጋጌም ልጨምር። የኬንያ ሕገ መንግሥት በምርጫም በሹመትም ከሚያዝ አካል ከሁለት ሦስተኛ በላይ የአንድ ጾታ ሰው አይሁን ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በሰጠው የምክር አስተያየት ፓርላማው እስከ ነሐሴ 2015 ሕጉን እንዲያወጣ ቀን አስቀመጠ። አላወጣም። ማራጋ በመስከረም 2020 ሕገ መንግሥቱ በሚያዘው መሠረት ፕሬዚዳንቱ ፓርላማውን እንዲበትኑ መከሩ። ፓርላማው አልተበተነም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምክሩን አገደው፤ አባላቱም ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ 2022ቱ ምርጫ ገቡ። ኬንያን ላሳንስ ብዬ አይደለም። ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል መናገሩ አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ መከበሩ ሌላ።

ስለ አተረጓጎም ዘዴ የጻፍከውን እቀበላለሁ። የእነሱ አንቀጽ 259 ሕገ መንግሥቱ በምን መንፈስ እንደሚነበብ በዝርዝር ይናገራል። የእኛ አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 መብቶቹ ከዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎሙ ከማለት አያልፍም። ግን 259ም ተአምር አይሠራም። ኡሁሩና ኦዲንጋ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የጀመሩት ዕቅድ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትና ይግባኝ ሰሚው የሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ መዋቅር በተራ ማሻሻያ አይነካም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2022 ያ አስተምህሮ ኬንያ ውስጥ አይሠራም አለ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን በሕዝብ ተነሳሽነት ስም ማሻሻያ መጀመር አይችሉም ብሎ ዕቅዱን መልሶ ጣለው። አንድ ጽሑፍ ነው፤ ንባቡ ብዙ።

አሁን የመጨረሻው፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት። ሐሳቡን አልጠላውም። ሁለት ነገር ግን ጽሑፍህ ውስጥ ጠፍቷል። የመጀመሪያው፣ ዳኞቹን ማን ይሾማል? በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። አዲሱም ፍርድ ቤት በዚያው መንገድ ከተሞላ ከአጣሪ ጉባኤው በምን ይለያል? የጉባኤውን 11 አባላት ታውቃቸዋለህ። ሰብሳቢውና ምክትሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ሦስቱ ብቻ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ይመጣሉ። የባለሙያ እጥረት የለበትም።

ሌላው አንቀጽ 105 ነው። አንቀጽ 62ንና 83ን ለመቀየር የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልጋል። ክልሎቹ ደግሞ በፌዴሬሽን ምክር ቤት በኩል ያላቸውን ቃል በቀላሉ አይለቁም። ሕገ መንግሥቱ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ነው የሚጀምረው። አርቃቂዎቹም የቃል ኪዳኑ ባለቤቶች ራሳቸው ይተርጉሙት ያሉት ከዚያ ተነሥተው ነው። ክርክሩ ላይስማማህ ይችላል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ችላ ብለኸው ግን ማሻሻያ አታገኝም። የራሳችን የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት እንኳ የመተርጎም ሥልጣኑን የሰጠው ከየወረዳው ምክር ቤት ለሚወከሉ ሰዎች ኮሚሽን ነው። ጽሑፍህ እሱን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳውም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚሠራ ጠበቃ ግን ከናይሮቢ ይልቅ እሱ ይቀርባል።

እስከዚያው ምን እናድርግ ላልከው አንድ ጥያቄ ልስጥህ። የ1992ቱ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበን ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጥረዋል። ሕገ መንግሥቱ «ፈቃድ» ሲል እንዲህ ያለውን ዝምታ ይጨምራል? እዚህ የምንሠራው በክልሉ ሕግ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው። መጥሪያውን ማንበብ የማትችል እናት፣ አረብ አገር ያለች እህት፣ ዝም ስላሉ ፈቀዱ ይባላሉ? እንዲህ ያለ መዝገብ ከገጠመህ መቃወሚያውን በጽሑፍ አስገባ። የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚያስፈልገውን ነጥብ ብቻ ለይተህ አውጣ፤ ፍሬ ነገሩን ሁሉ አታንጋጋው። ዳኛው ከላከው እሰየው። ካልላከው አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2 ባለጉዳዩም ጥያቄውን ለጉባኤው እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ብቻ ፍርድ ቤቱን አስቀድመህ መጠየቅህ መዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ጉባኤው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።